ስም የነፋንበት አውድማ

ልጄ ጎንደር ከተማ ኮምፒውተር ላይ ነው የምትሠራ። ሥራዋ ምን እንደሆነ ለብዙ ዓመት አልገባኝም ነበር። ያለፈው ክረምት ለዓይኔ ሕክምና ሄጀ እሷ ዘንድ ስሰነብት፣ አንድ ቀን ከባልደረባዋ ጋር ሥራ ይዘው ቤት ተቀመጡና ሲከራከሩ ሰማኋቸው። ብዙ ሺህ መስመር ያለው ጽሑፍ አለ፤ ከዚያ ውስጥ የሚፈለገውን መስመር ለቅሞ፣ በተራ ደርድሮ፣ የተደገመውን ጥሎ ማውጣት ነው ሥራው። ባልደረባዋ "ለዚህ ራሱን የቻለ ፕሮግራም መጻፍ አለብኝ፤ ሁለት ሳምንት ስጪኝ" ይላል። እሷ ደግሞ "ሁለት ሳምንት ምን ያደርግልሃል? ዩኒክሱ ላይ ትንንሾቹ ፕሮግራሞች አሉልህ። አንዱ ይለቅማል፣ አንዱ ይደረድራል፣ አንዱ ድግሙን ይጥላል። አንዱ ያወጣውን ወደ ሌላው በቧንቧ ማፍሰስ ብቻ ነው። ለምሳ እንደርሳለን" ትላለች።

"እሱ የቁርጥራጭ ሥራ ነው። ነገ ሌላ ጥያቄ ቢመጣስ?"

"ነገ ሌላ ጥያቄ ቢመጣ አንዱን ነቅየ ሌላ እሰካለሁ። አንተ ግን እንደገና ሁለት ሳምንት ትለምናለህ።"

እኔም ከተቀመጥሁበት ሆኜ "ይኼን ነገር እኔ ኮኪት አውድማ ላይ ሠርቸዋለሁ" አልሁ።

ሳቁብኝ። "አባየ፣ ያኔ ኮኪት መብራት ነበር እንዴ?" አለች ልጄ።

"መብራት ለምኔ? በጠራራ ፀሐይ ነው የሠራነው።"

ነገሩን ስነግራቸው ሳቁን ተዉት። እሷም "እስቲ ይጻፉት" አለችኝና ደብተር ገዛችልኝ። እኔ የመጻፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርሁ ጢሜ ከወጣ በኋላ፣ መሠረተ ትምህርት የመጣ ጊዜ ነው፤ እስካሁንም ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። የሰው ስም ደግሞ አልጽፍበትም። በዚያ በደርግ ዘመን ስሙ ወረቀት ላይ የሰፈረ ሰው ልቡ አያርፍም ነበር፤ ያ ነገር እኔንም እስካሁን አልለቀቀኝም።

ቆላ ካለችው ከኮኪት ወጣ ብሎ የመንግሥት እርሻ ነበር። ፊት የአንድ ባለሀብት ነበር፤ ተወረሰ፤ ሰሊጡና ማሽላው ግን ማን እንደወረሰው ሳይጠይቅ እንደ ፊቱ ይበቅላል። እኔ የአውድማው ኃላፊ ነበርሁ። ሰሊጥ ታጭዶ ነዶው ቀጥ ተደርጎ ይቆማል፤ ያን ክምር እኛ ሂላ እንለዋለን። ሲደርቅ ሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ሥራ ነው። አንዷ ታዘራለች፣ ነፋሱ ገለባውን ይወስዳል። የተረፈው ዓይኑ ሰፊ ወደሆነው ወንፊት ይሄዳል፤ እዚያ ሰሊጡ ይወርዳል፣ ስንጥሩ ይቀራል። ቀጥሎ ዓይኑ ጠባብ ወደሆነው፤ እዚያ ደግሞ አሸዋው ይወርዳል፣ ሰሊጡ ይቀራል። ከዚያ ለቃሚዎች፣ ከዚያ ጆንያ ሞይ፣ ከዚያ ጆንያ ሰፊ። አንዱ የሌላውን ሥራ ማወቅ የለበትም። የመጣለትን ይቀበላል፣ የራሱን አንዲት ነገር ይሠራል፣ ለሚቀጥለው ያሳልፋል። ለዘር የሚሆን ቢፈለግ አንድ ወንፊት እቀይራለሁ፤ የቀረው ሰው ወሬውንም አይሰማ።

አንድ ዓመት ይኼን ሁሉ በአንድ ሆዱ የሚሠራ መውቂያ መኪና አመጡልን። ለማሽላ ተብሎ የተሠራ ነው። እውነት ለመናገር ለማሽላ ጎበዝ ነበር። ሰሊጥ ሲሰጡት ግን ከነገለባው ተፋው። ወንፊቱን እንቀይርለት ብንል ሆዱ ዙሪያውን በብረት የታሸገ ነው። ከዚያ ወዲህ ዶሮ እንቁላል የምትጥልበት ሆነ።

እኔ የምናገረው ነገር የሆነው መሠረተ ትምህርት በመጣ በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ዓመት፣ መከሩ ሊያልቅ ሲል ነው። በመከር ጊዜ ከደጋው ሠራተኛ ይጎርፋል፤ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከኛም ደጋ። ቆላው ሳሉግ ይላቸዋል። በቡድን በቡድን ሆነው በየካምፑ ያድራሉ፤ የቡድኑ አለቃ ካቦ ይባላል። ካቦው የሰዎቹን ዝርዝር ይይዛል። አንዱ ደብተር ላይ፣ አንዱ የስኳር ወረቀት ላይ፣ አንዱ የሲጋራ ካርቶን ላይ። ወረቀቱ ይለያይ እንጂ አጻጻፉ አንድ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ መስመር። ስም፣ የአባት ስም፣ የመጣበት አገር፣ ከዚያ ለሠራበት ቀን አንድ አንድ ጭረት። ታሞም ሆነ ሰንፎ የቀረ ቀን በጭረቱ ፋንታ ክብ ይደረግበታል።

እነዚህን ዝርዝሮች ሁሉ ወደ አንድ የሚያመጣ ጸሐፊ ከከተማ ተልኮልን ነበር። ወጣት ነው፤ በዕድሜ ታናሼ፣ በሥራ አለቃዬ። ስለዚህ ሁለታችንም አንቱ እንባባላለን፤ ስንሰዳደብም በአንቱ ነው። ትልቅ መዝገብ ይዞ መጥቶ በሁለት ቀለም አሰመረው። ለፊደሉ ሁሉ ገጽ ገጽ ሰጠው፤ የሠራተኛው ስም በመጀመሪያ ፊደሉ እየተፈለገ እንዲገኝ። "ይህ መዝገብ ሲያልቅ የማይመልሰው ጥያቄ አይኖርም" ይለናል። ነገር ግን አያልቅም። ከአሥራ ሁለቱ ካምፕ አራቱን ገልብጦ ነበር። አንድ መስመር ቢሳሳት ገጹን ቀዶ እንደገና ያሰምራል። ንጹሕ ሰው ነበር፤ ይኼን አልክደውም።

መኪኖቹ ሠራተኛውን ጭነው ወደ ደጋ መመለስ ይጀምራሉ ከተባለበት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ረፋድ ላይ ድሬሰሩ አውድማው ላይ መጣ። ድሬሰር ማለት የክሊኒኩ ቁስል አጣቢ፣ መርፌ ወጊም፣ ሐኪምም እሱው ነው። ፊቱ ጠቁሯል።

"አያ፣ አንድ ሰው ጠፋብኝ" አለኝ።

"የት ወሰድኸው?"

"አትቀልድብኝ። ዛሬ ልክ ሁለት ሳምንቱ ነው፣ አንድ የላስታ ሳሉግ መጣ። ትኩሳቱ አልለቀው ብሏል፣ ጣፊያው አብጧል። ወባ መስሎኝ ነበር፤ ግን ሆዱን ስነካው ጠረጠርሁና ደሙን ጎንደር ላክሁ። ትናንት መልሱ መጣ። ካላዛር ነው።"

ካላዛርን ቆላ የኖረ ያውቀዋል። ሰውን ያከሳል፣ ሆዱን ይነፋል፣ ቀስ ብሎ ይጨርሳል። መድኃኒት አለው፤ በየቀኑ መርፌ ነው፣ ለአንድ ወር። ደጋው ግን በሽታውን አያውቀውም። አገሩ ከገባ ቡዳ በላው፣ መተት ነው እየተባለ ይሞታል። መኪና ላይ ከወጣ በቃ፤ ማን ላስታ ገደል ለገደል ሄዶ ይፈልገዋል?

"ስሙ የለህም?" አልሁት።

"አለኝ። ስሙም፣ የአባቱም ስም፣ አገሩም። ትናንት ካምፑን ሁሉ ዞሬ ጠራሁት። አቤት የሚል ጠፋ።"

አቤት አለማለታቸው አልገረመኝም። በዚያ ጊዜ ወረቀት የያዘ ሰው ስም ሲጠራ፣ የተጠራው ለሚሊሺያ ፈለጉኝ ብሎ ጥሻ ይገባል፤ ያልተጠራውም አላውቀውም ይላል። መልኩን አታስታውሰውም ወይ ብየ ስጠይቀው፣ ያን ሰሞን በየቀኑ ጋቢ የተከናነበ ሲንቀጠቀጥ ስንቱን እንዳየ ነገረኝ። ያለን ወረቀቱ ብቻ ነው።

አውድማው ዳር ወዳለችው የጸሐፊው ቢሮ ሄድን። የበሽተኛው ስም "ገብረ" ብሎ የሚጀምር ነው። ጸሐፊው ደስ ብሎት የገን ገጽ ገለጠ፤ በጣቱ እየሄደ ወረደ። የለም።

"አራት ካምፕ ነው የገለበጥሁት። ከቀሩት በአንዱ ይሆናል" አለ።

"የቀሩት መቼ ያልቃሉ?" አለ ድሬሰሩ።

"አሥር ቀን ብትሰጡኝ በትክክል።"

"እኛ ብንሰጥዎ ሰውየው ከየት አምጥቶ ይሰጥዎታል?" አልሁ እኔ።

ዝርዝሮቹን እንዳሉ እናንብባቸው እንዳንል፣ ከሺህ የማያንስ ስም ነው፤ የካቦዎቹ እጅ ጽሑፍ ደግሞ የዶሮ ጭረት ነው። ደህና አንባቢ ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ጸሐፊውና ድሬሰሩ። ሁለት ሰው ሺህ መስመር ሲያነብ በመቶኛው ላይ ዓይኑ ይፈዛል፣ ያለፈውን ያላለፈ ያልመጣውን የመጣ ይመስለዋል። እኔ አውድማ ላይ ያሉኝ ሰዎች ግን ብዙ ናቸው፤ ሁሉም የመሠረተ ትምህርት ምሩቅ። አንዱም ደብዳቤ አያነብም። አንድ አንድ ነገር ግን ይችላል። ጆንያ ሰፊው የቃል መጀመሪያ ፊደል ካየ አይስትም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አይጠይቁት። ጆንያ ሞይው ቁጥርና ጭረት ይቆጥራል። በጠባቡ ወንፊት ላይ የምትሠራው ሴትዮ፣ ጎጃሜ ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ስለት የሆነ፣ ፊደሉ እምብዛም አልያዘላትም፤ ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን ብታስቀምጥላት ግን እንደ ጥበብ ጥለት አይታ አንድ ነው ወይም አይደለም ትልሃለች። እኔ በከንፈሬም ቢሆን ሙሉ ስም አነባለሁ።

ይኼን እያሰብሁ "ድሬሰር፣ መቀስ አለህ?" አልሁት።

"የፋሻ መቀስ አለኝ።"

"አምጣው። ዝርዝሩን መስመር መስመሩን እንቆርጠዋለን።"

ጸሐፊው ከወንበሩ ተነሣ። "እርስዎ አብደዋል? ሰነድ ነው እኮ!"

"ሰነዱማ የእርስዎ መዝገብ ነው። ይኼ የስኳር ወረቀት ነው።"

"ነገ ኃላፊው የካምፑን ዝርዝር አምጣ ቢለኝ ምን እላለሁ? ጓድ፣ በዚህ ሰው ይታሰራል!"

"በዚያኛው ደግሞ ሰው ይሞታል።"

መዝገቡን ዘጋና "እኔ አላየሁም" አለ። ወጥቶ ግን አልሄደም፤ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየን ዋለ።

ከመቁረጣችን በፊት የየዝርዝሩን ጀርባ በየመስመሩ ልክ በከሰል ምልክት አደረግንበት፣ ልክ ከብት እንደሚተኮስ። ለአንዱ ካምፕ መስቀል፣ ለአንዱ ክብ፣ ለአንዱ ሁለት መስመር። ከዚያ ቆረጥነው። ለያንዳንዱ ሰው አንድ ቁራጭ ወረቀት ሆነ። ሸራውን አውድማው ላይ ዘርግተን በመስመር ተቀመጥን፣ ነፋሱ እንዳይወስድብን በጆንያ ግድግዳ ጋርደን።

ጆንያ ሰፊው መጀመሪያ ላይ ነው፤ በገ የሚጀምረውን ወደ እኔ ያሳልፋል፣ ሌላውን ወደ ጎን ይጥላል። እኔ "ገብረ" ያለውን አቆይቸ የአባቱን ስም አያለሁ፤ የተስማማውን ለድሬሰሩ። ድሬሰሩ አገሩን ያያል፤ ላስታ ያለውን ለሴትዮዋ። እሷ የተደገመ ካለ ትጥላለች፣ ምክንያቱም ሳሉግ ከአንዱ ካምፕ ወደ ሌላው ሲዛወር ሁለት ቦታ ይጻፋል። ሥራው ሲጀመር ቀዘቀዘ፣ ትንሽ ቆይቶ ግን እጃችን ገባ። ሰሊጥ ስንነፋ እንደምናንጎራጉረው ማንጎራጎር ሁሉ ጀመርን።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ከሸራው ማዶ ትልቅ ክምር ተከመረ፤ ከሸራው ወዲህ፣ ሴትዮዋ ፊት፣ ምንም የለም። ገብረ ሞልቷል። የአባቱ ስም የገጠመ ግን አንድም የለም።

ጸሐፊው ከበሩ ላይ "ጓድ፣ የወንፊቱ ዓይን ሰፍቶ ይሆን?" አለኝ።

ደሜ ፈላ። ለሠራተኞቼም ዕረፍት ሰጠኋቸው እንጂ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። ድሬሰሩ አንገቱን ደፍቶ መቀሱን ይከፍታል ይዘጋል።

ሴትዮዋ ውኃ ጠጥታ አፏን በነጠላዋ ጠረገችና "አንተ ድሬሰር፣ ሰውየውን ስሙን ስትጠይቀው እንዴት ሆኖ ነበር?" አለችው።

"እንዴት ይሆናል? ታሞ ነዋ። ሁለት ሰው ደግፎ ነው ያስገባው።"

"ሊሞት መስሎታል?"

"መስሎታል። አንተ ከሞትሁ ለእናቴ ላክልኝ ሲለኝ ነበር።"

"እንግዲያ የክርስትና ስሙን ነው የሰጠህ፤ አንተ ሞኝ! ነፍሱ ልትወጣ የደረሰ ሰው ስምህን ሲሉት የዓለም ስሙን ምን ብሎ ይሰጣል? ቄስ ሲጸልይለት፣ ጠበል ሲረጭ፣ ፍትሐት ሲደረግለት በየትኛው ስሙ ነው?"

"እኔ ቄስ ነኝ?"

"ለታመመ ሰው ነጭ የለበሰ ሁሉ ቄስ ነው። እኔም አምና ወባ የጣለኝ ጊዜ የክርስትና ስሜን ነው የሰጠሁህ። ካርዴን ብታየው ታገኘዋለህ።"

"ይኼን ሁሉ ጊዜ በክርስትና ስምሽ ነው ስወጋሽ የከረምሁት?"

"መርፌው መች ስም ጠይቆ ገባ!"

ጆንያ ሰፊው በሳቅ ወደ ኋላው ወደቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ከደጋ የመጣ ክርስቲያን ሁሉ ሁለት ስም አለው፤ ካቦው የሚያውቀው አንዱን ነው፣ ድሬሰሩ የያዘው ሌላውን። የአባቱ ስም ግን አንድ ነው፤ አገሩም አንድ ነው። "ገብረ" ደግሞ የዓለም ስምም የክርስትና ስምም ስለሚሆን ማናችንም አልጠረጠርንም።

ጸሐፊው ሰምቶ ኖሮ መዝገቡን ይዞ መጣ። ገጾቹን ወዲህ ወዲያ ገለበጠ። "የአባት ስም በሚለው መፈለግ አይቻልም" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። "ያዘጋጀሁት በሠራተኛው ስም እንዲፈለግ ነው። በአባት ስም ለመፈለግ እንደገና ማስመር አለብኝ።"

አልቀለድሁበትም። አሁን ሳስበው የሁለታችን ልዩነት እዚያ ላይ ነበር። እሱ ጥያቄውን አስቀድሞ ገምቶ፣ ለዚያ ጥያቄ የሚሆን ያማረ ቤት ሠራ። ጥያቄው የገመተው ሆኖ ቢመጣ ኖሮ ከእኔ ይልቅ እሱ ይቀድም ነበር፣ ጣቱን አንዴ አውርዶ። እኔ ቤት አልሠራሁም። ያለኝ ጥቃቅን እጅ ነው፤ አንዱን አንሥቶ ሌላውን በቦታው ማስቀመጥ። ስለዚህ ጥያቄው ሲለወጥ እሱ ከመሠረቱ ሊጀምር ሆነ፤ እኔ ግን አንድ ሰው ከቦታው አስነሣሁ።

ያስነሣሁት ጆንያ ሰፊውን ነው። የከመርነውን ሁሉ መልሰን አንድ ላይ ዘረገፍነውና፣ "አንተ አሁን የሚታይህ የአባቱ ስም መጀመሪያ ፊደል ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ቃል እይ" ብየ ከአዲስ አስቀመጥሁት። ከሱ ያለፈውን እኔ ሙሉውን አነባለሁ። ድሬሰሩ አገሩን ያያል እንደነበረው፤ ሴትዮዋ ድግሙን ትጥላለች እንደነበረችው። መጨረሻ ላይ ግን አንድ አዲስ ወንፊት ጨመርሁ፤ ጆንያ ሞይውን። "ሰውየው ክሊኒክ የሄደበት ቀን ሥራ አልገባም። ዝርዝሮቹ ሁሉ ጭረታቸው ተሞልቶ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰበሰቡት ትናንት ማታ ነው፤ የትናንቱን የመጨረሻ ምልክት ትተህ ወደ ኋላ አሥራ ሦስት ቁጠር። አሥራ ሦስተኛው ክብ ከሆነ አስቀምጠው፣ ጭረት ከሆነ ጣለው።"

ጸሐፊው "ለምን አሥራ ሦስት?" አለና ራሱ በጣቱ ቆጠረ። "ልክ ነዎት፤ ከዛሬ ሁለት ሳምንት እዚያ ላይ ይውላል" አለ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ከጆንያ ሰፊው ጎን ተቀመጠ። ሁለት ሆነው ሲለቅሙ ሥራው በረረ።

የአባቱ ስም የገጠመ እፍኝ የማይሞላ ወጣ። ላስታ ሲባል አምስት ቀረ። ሴትዮዋ ከአምስቱ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ አየችና "ይኼ አንድ ሰው ነው። አንዱ ጋ ጭረቱ ሲያልቅ ሌላው ጋ ይጀምራል፤ ተዛውሮ ነው" ብላ የፊቱን ጣለችው። አራት። ጆንያ ሞይው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ። ጭረት። ጭረት። ጭረት። አራተኛው ላይ ቆየ፣ እንደገና ከመጨረሻው ጀምሮ ቆጠረ፤ "ክብ ነው" አለ። "ከዚያ ወዲህም ክብ ይበዛበታል።"

ድሬሰሩ ወረቀቷን ከእጁ ነጥቆ ገለበጣት። ጀርባዋ ላይ ሁለት መስመር አለ። የሁለት መስመር ካምፕ ደግሞ ጠዋት ፈርሷል፤ ጎጆውን አቃጥለው ሲሄዱ ጭሱን አይተናል። የት እንደሄዱ ቁራጭ ወረቀት አይናገርም። እኔ ወንፊቴ እዚያ ላይ አለቀብኝ።

ጸሐፊው መዝገቡን ከሸራው ላይ አንሥቶ ወደ መጨረሻው ገጽ ሄደ። የትኛው ካቦ በየትኛው መኪና፣ በየትኛው ቀን፣ ከየት እንደሚነሣ በቀይ አስፍሮታል። አንዳችን ጠይቀነው አናውቅም። "ሦስተኛው መኪና" አለ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። "ነገ አይደለም። ይኼኛው ዛሬ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከመገንጠያው።"

የፈጠነ ነገር ስላልነበረን ትራክተር ላይ ተንጠላጠልን፣ እኔ፣ ድሬሰሩና ጸሐፊው። ትራክተር ሲቸኩሉበት እንዴት እንደሚያንቀራፍፍ የተሳፈረበት ያውቀዋል። ጸሐፊው መዝገቡን በብብቱ ይዟል፤ ለምን እንዳመጣው አልጠየቅሁትም።

መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ሳለ ደረስን። ሰው ከጭነቱ ጆንያ ላይ እንደ ወፍ ሰፍሯል። ድሬሰሩ ቁራጯን ወረቀት አይቶ በዓለም ስሙ ተጣራ። ያ ሁሉ ሰው ተራራ ተራራውን ማየት ጀመረ።

ካቦው ዘሎ ወረደ። "ለምንድን ነው የምትፈልጉት? ለሚሊሺያ ከሆነ አይሆናችሁም፤ በሽተኛ ነው።"

"በሽተኛ ስለሆነ ነው የምንፈልገው!" አለ ድሬሰሩ።

"በሽተኛ ፈልጎ ትራክተር የሚነዳ መንግሥት መች አየን?"

ከኋላ ሳቅ ተነሣ። እኔ ወደ መኪናው ጎን ጠጋ ብየ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በክርስትና ስሙ ጠራሁት። ጋቢ ተከናንቦ ጥግ ላይ የተኛ አንድ ሰው ራሱን ቀና አደረገ። ዓይኑ ብቻ የቀረ ሰው ነበር።

"ማን ነገረዎ?" አለኝ።

"አንተው ለሐኪሙ ነግረኸው። ውረድ፤ በሽታህ ታውቋል፤ መድኃኒት አለው።"

"ተዉኝ አያ። አገሬ ልግባ። እናቴ ዘንድ ልሙት።"

"ትሞታለህ ማን አለህ? አንድ ወር መርፌ ነው" አለ ድሬሰሩ።

"ወር ሙሉ እዚህ ማን ያስታምመኛል? መኪናው ከሄደ ዘመድ የለኝ።"

ወረቀት ስንነፋ ሰውየውን ማግኘት እንጂ፣ ሲገኝ እምቢ ሊል እንደሚችል አላሰብሁትም ነበር። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። በዚህ መኻል አጠገቡ የተቀመጠ ጓደኛው፣ የአገሩ ልጅ ነው፣ የሁለቱንም ስልቻ ወደ መሬት ወረወረ። ቀጥሎ ራሱ ዘለለ፤ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ "ና በል፤ ክብደት የለህም፣ እይዝሃለሁ" አለው። በትከሻው ተቀብሎ አወረደው። መኪናው አቧራውን አልብሶን ሄደ።

ስለ ቆረጥነው ዝርዝር መጻፍ አለብኝ። ቁርጥራጩን ጆንያ ውስጥ አስቀምጠነው ነበር፤ በሳምንቱ ጆንያው ለሌላ ተፈልጎ ተራገፈ፣ ነፋስ ወሰደው። ኃላፊው ዝርዝሩን የጠየቀ ጊዜ ጸሐፊው ፊቱ ሳይለወጥ "ምስጥ በላው" አለ። ምስጥ በቆላ ብዙ ነገር ስለሚበላ ታመነ። ያን ዕለት እንደ እኔ ቁርጥራጭ ይዞ የቀረ ቢሆን ኖሮ ግን ለከርሞ የሚሆን ምንም ነገር አይኖረንም ነበር። የተረፈው፣ አራት ካምፕም ቢሆን፣ የእሱ መዝገብ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ማን መጣ ማን ቀረ የተባለው ከሱ ነው። እኔ በግትርነቴ ይኼን ለሱ ሳልነግረው ወደ ሌላ እርሻ ተዛወረ። እሱም አዲሱን መዝገብ ሲያሰምር ለአባት ስም ሌላ ገጽ ጨምሮ እንደነበር የሰማሁት ከሄደ በኋላ ነው።

ሰውየው ክሊኒኩ ጀርባ ባለች ጎጆ ወሩን ሙሉ ተወጋ። ጓደኛው ያበስላል፣ ያጥባል፣ ይሳደባል። በመጀመሪያው ሳምንት ይሞታል ብለን ነበር። በሁለተኛው ምግብ ጠየቀ። ሴትዮዋ አልፎ አልፎ እርጎ ታደርስለታለች፤ እንደገባች በክርስትና ስሙ ትጠራዋለች፣ እሱም ያፍራል።

ወሩ ሲሞላ ወደ ደጋ የሚወጣ የጭነት መኪና ተገኘ። እስከ መንገዱ ሸኘሁት። ሆዱ ጎድሏል፣ እግሩ ግን ገና እንጨት ነው። ጓደኛው ቀድሞ ወጣ። እኔ ከታች ልደግፈው እጄን ዘረጋሁ። አየኝ፤ አልያዘውም። ጎማውን ረገጠ፣ የጎኑን ብረት ያዘ፣ ቆም ብሎ ተነፈሰ፣ እንደገና ያዘ፣ በራሱ ወጣ።